«ቁጥር አያዳላም» ላሉን የሰው ሀብት ኃላፊ

ሚዛኑ፦ ትናንት እዚሁ የተለጠፈውን የቅጥር መግለጫ አይታችሁታል። 200 ሰው ጽሑፍ ተፈተነ፣ 15ቱ ለቃለ መጠይቅ ተጠሩ፣ 4 ተቀጠሩ። ቅሬታ ላቀረቡት ኃላፊው የሰጡት መልስ «ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው፤ ቁጥር አያዳላም» የሚል ነው። ቁጥርማ ምን በወጣው! የሚያዳላው ደማሪው ነው። «ጽሑፍ ከ70፣ ቃለ መጠይቅ ከ30» ተብሎ ታወጀ። 15ቱ በጽሑፍ ያመጡት ከ58 እስከ 63 ነው፤ በቃለ መጠይቅ ግን ከ9 እስከ 27። አንዱ ጋ ልዩነቱ 5 ነጥብ፣ ሌላው ጋ 18። እና ማን ነው ማንን የጣለው? ክብደት የሚወሰነው ከስንት በመታሰቡ ሳይሆን በውጤቱ መበታተን ነው።

ቢሮ ቁጥር 12፦ ሁሉም መሥሪያ ቤት እንዲሁ ነው የሚሠራው። ክብደቱ ከፈተናው በፊት ተነግሯል፣ ማንም አልተቃወመም። ሲያልፉ ዝም፣ ሲወድቁ ስታትስቲክስ!

ቤታ፦ መፍትሔው እኮ ቀላል ነው። ሁለቱንም ወደ ዜድ ስኮር ቀይሩ፦ ከእያንዳንዱ ውጤት አማካዩን ቀንሱ፣ ለስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ውጤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደተበታተኑ ለሚለካው ቁጥር) አካፍሉ፣ ከዚያ አንዱን በ0.7 ሌላውን በ0.3 አባዝታችሁ ደምሩ። ኤክሴል ላይ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ጥርጣሬ፦ ይቺ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት ሰው የምትፈጀው። በየትኛው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው የምታካፍለው? በ15ቱ ከሆነ ያቺ የ5 ነጥብ ልዩነት ተለጥጣ ተራራ ታክላለች። መግለጫው የፈተናው አስተማማኝነት (ደግሞ ቢሰጥ ያንኑ ውጤት የመስጠት አቅሙ) ከ1 0.84፣ የ200ው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 10 ነው ይላል። 1 ሲቀነስ 0.84 ያው 0.16፣ ስኩዌር ሩቱ 0.4፣ በ10 ሲባዛ የመለኪያው ስህተት 4 ነጥብ። ሁለት ሰው ስታወዳድር ደግሞ የሁለቱም ስህተት ስላለ በ1.41 ይባዛና 5.7 ገደማ ይሆናል። 63 ያመጣውን ከ58ቱ በዚህ ፈተና መለየት አይቻልም። አንተ ግን ያንኑ ስህተት አክብረህ በ0.7 ልታባዛው ነው።

ቤታ፦ እሺ፣ በ200ው ይካፈል።

ጥርጣሬ፦ ቃለ መጠይቁስ? እሱን የተጠየቁት 15 ብቻ ናቸው። አንዱን በሰፊው ቡድን፣ ሌላውን በተጣራው ቡድን ከለካህ ዞሮ ዞሮ ቃለ መጠይቁ ነው የሚገዛው።

ቢሮ ቁጥር 12፦ ይግዛ እንጂ! ጽሑፉ ካልለያቸው ምን ይለያቸው? እጣ እንጣል?

ሚዛኑ፦ ከአንዳንዱ ቃለ መጠይቅ እጣ ይሻላል። ቢያንስ እሱ አያዳላም። እንዲገዛ ከፈለጋችሁ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ቅደም ተከተል ይቅረብ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ 1፣ 3 እና 5 የሚያሰጠው መልስ ምን እንደሚመስል ቀድሞ ይጻፍ። ጠያቂዎቹ ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይሙሉ። «አጠቃላይ ሁኔታ ከ10» የምትል ሣጥን ካለች ልፋታችሁ ውኃ በላው።

ፐርሰንቷ፦ ሁላችሁም ስለ 15ቱ ትሟገታላችሁ፣ ወደ 200ው ሳይገቡ የቀሩትን ማንም አላያቸውም። የመጀመሪያው ማጣሪያ ከአሜሪካ የመጣ የብቃት ፈተና ነው፤ የቃላትና የቁጥር ክፍል አለው፤ ያለፈው የሁለቱ ፐርሰንታይል (ከመቶ ሰው ስንቱን እንደበለጠ የሚያሳይ ደረጃ) አማካይ 75 የሞላለት ነው። ጥሬ ውጤቱን ወደ ፐርሰንታይል የሚቀይረው ሠንጠረዥ፣ ኖርም የሚሉት፣ የተሠራው እዚያው ባሉ አዋቂዎች ናሙና ነው።

ቤታ፦ የኖርሙ ነገር ተጋኗል። በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ የመለሰ ሰው በማንም አገር ሠንጠረዥ ብትቀይሪው ከበላይ ይወጣል። ደረጃ አይቀየርም።

ፐርሰንቷ፦ ደረጃ ብቻ ብትጠቀሙ ልክ ነህ። እነሱ ግን መቁረጫ አደረጉት፤ መቁረጫው የማን ሰፈር ሰዎች ናሙና ላይ እንደቆመ ደግሞ ወሳኝ ነው። በዚያ ላይ ፐርሰንታይል ደምረው ለሁለት አካፈሉ። አንዷ 99 እና 50 አመጣች እንበል፣ አማካይዋ 74.5፣ ወደቀች። ሌላው 75 እና 75፣ አለፈ። ወደ ዜድ ስትቀይረው እሷ 2.33 እና 0፣ አማካዩ 1.16፤ እሱ 0.67። ፐርሰንታይል መሐል ላይ የተጨናነቀ፣ ጫፍ ላይ የተራራቀ ነው፤ ከ50 ወደ 55 መውጣትና ከ94 ወደ 99 መውጣት አንድ አይደለም። ቁጥር አያዳላም አሉ!

ቢሮ ቁጥር 12፦ ሴት ስለሆነች ነው «አንዷ» ያልሽው?

ፐርሰንቷ፦ አመጣኸው፣ እሰየው። ከ200ው 120 ወንዶች፣ 80 ሴቶች። ለቃለ መጠይቅ የተጠሩት 12 ወንድ፣ 3 ሴት። 10 በመቶና 3.75 በመቶ፤ የሴቶቹ ለወንዶቹ ሲካፈል 0.375። የአሜሪካ የ1978ቱ (እ.ኤ.አ.) የቅጥር መመሪያ ይህ ሬሾ ከአራት አምስተኛ፣ ማለትም ከ0.8 በታች ሲሆን መርምሩ ይላል።

ቢሮ ቁጥር 12፦ የአሜሪካ መመሪያ እኛ ጋ ምን ያደርጋል?

ፐርሰንቷ፦ ሠንጠረዣቸውን ስታስገቡ ቪዛ ጠይቃችሁታል?

ጥርጣሬ፦ 😂 ግን ፐርሰንቷ፣ 3 ሰው ትንሽ ቁጥር ነው። ሁለት ሴቶች ቢጨመሩና ሁለት ወንዶች ቢቀነሱ ሬሾው ወደ 0.75 ይዘላል። ለመጠርጠር ይበቃል፣ ለመፍረድ አይበቃም።

አዲስ ገቢ፦ ለሴቶች የራሳቸው ኖርም ቢሠራስ?

ሚዛኑ፦ ተሞክሯል። የአሜሪካ የሥራ ስምሪት አገልግሎት ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሱን የብቃት ፈተና ፐርሰንታይል ለየዘሩ ለብቻ ያወጣ ነበር። ጩኸቱ በዛ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ በዘርም በፆታም ውጤት ማስተካከልን ከለከለ። የእኛው የ1999 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ያስቀመጠው ይሻል ነበር፦ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካላቸው ለሴትና ለአካል ጉዳተኛ ቅድሚያ። ተቀራራቢነትን ጥርጣሬ ባሰላው የመለኪያ ስህተት ብትተረጉሙት 15ቱም ተቀራራቢ ናቸው።

ቤታ፦ ያኔ ሁሉም ተቀራራቢ ይሆንና ፈተናው ለምን አስፈለገ?

አዲስ ገቢ፦ የ12ኛ ክፍሉ ፈተናስ? በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ተማሪ ነው 50ን ያለፈው። ትምህርቱ ተሻሽሏል ማለት አይደል?

ጥርጣሬ፦ በሁለቱም ዓመት ፈተና ላይ የገቡ የጋራ ማያያዣ ጥያቄዎች ከሌሉ ተማሪው ይጎብዝ ፈተናው ይቅለል በምን ታውቃለህ? 50 በመቶ ጥሬ ውጤት ነው፤ በከበደ ፈተናና በቀለለ ፈተና አንድ ነገር አይናገርም።

ቤታ፦ ኩረጃ ቆመ፣ ሀቁ ወጣ፤ አሁን ደግሞ ሰበብ ፍለጋ!

ጥርጣሬ፦ ስለ ኩረጃ ማን አነሳ? ስለ ማያያዣ ጥያቄ ነው የተናገርኩት።

ሚዛኑ፦ የ12ኛን ክርክር ሌላ ቦታ ውሰዱት። ቢሮ ቁጥር 12፣ 9 ያገኘው ሰው ከየትኛው ጠያቂ ስንት እንዳገኘ ይታይ። የሦስቱ ጠያቂዎች ወረቀት ለየብቻ ይለጠፍ።

ቢሮ ቁጥር 12፦ እንደ አሠራር ለየብቻ አይሞላም። ኮሚቴው ተወያይቶ በአንድ ወረቀት ነው የሚሞላው።

ፐርሰንቷ፦ በአንድ ወረቀት! እስክሪብቶውን የያዘው ማን ነበር?

ቢሮ ቁጥር 12፦ ሰብሳቢው ነዋ። ታዲያ ማን ይያዘው?