የውሃ ፈረቃ ጥያቄ፦ የቅሬዎቹን (የዕድሮቹን) የጋራ ረቂቅ እናርም (ደሴ)

ጸሐፊ፦ «ውሃ ይምጣልን» የሚለው ይውጣ። መልሱ «እየሠራን ነው» ይሆንና ያበቃል። በምትኩ «የፈረቃ ሰሌዳ በየሠፈሩ ይለጠፍ፤ የተዘለለ ፈረቃ በ3 ቀን ይካካስ» እንበል። ይህ ተደረገ ወይም አልተደረገ ይባላል።

ከሆጤ (ከሆጤ ሠፈር ቅሬ)፦ ሰዉ እኮ በግኗል! እሑድ ሰልፍ ካልወጣን ነገሩ ይቀዘቅዛል።

ጸሐፊ፦ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለብን፤ ዓላማው፣ መንገዱ፣ ሰዓቱ፣ የሰዉ ግምት፣ የአዘጋጆቹ ስምና ፊርማ ተጽፎ። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድና ከሆስፒታል 100 ሜትር መራቅም አለ፤ በፒያሳ በኩል እስቲ እንዲህ ያለ መንገድ ፈልጉልኝ። መጀመሪያ ማስረጃ።

ከቧንቧ ውሃ (ከቧንቧ ውሃ ሠፈር ቅሬ)፦ ከታች ያሉት ቤቶች ብቻ ከመዘገቡ የውሃ አገልግሎቱ ሰዎች «ለቀናል» ይሉናል፤ ውሸትም አይሆንም። ዳገት ላይ ያለው ቤት ግን ግፊቱ ሳይደርሰው ፈረቃው ያልቃል። ስለዚህ ከየቅሬው በአንድ መስመር ላይ ያሉ 10 ቤቶች፣ 5 ከዳገቱ 5 ከታች፣ ለ14 ቀን ይመዝግቡ፦ ውሃው የመጣበትና የሄደበት ሰዓት፣ በሁለቱም ጊዜ የቆጣሪው ንባብ።

ከሆጤ፦ ቆጣሪው ምን ያደርጋል?

ከቧንቧ ውሃ፦ ባዶ የከረመ መስመር ላይ ውሃ ሲለቀቅ አየሩን እየገፋ ነው የሚመጣው፤ አየሩም ቆጣሪ ያዞራል። ሌላ ቧንቧ ሁሉ ይዘጋ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 5 ይሞላ። ቆጣሪው 0.1 ሜትር ኩብ ብቻ መሄድ አለበት። ንባቡ ቧንቧው ማፏጨት ሳይጀምር ይያዝ፤ ውሃው ከተረጋጋ በኋላ የለካ ሰው ልዩነቱን አያገኘውም።

ጋሼ (የቅሬ ሰብሳቢ)፦ ልጆች፣ ፊርማው በቅሬው መዝገብ አይሁን፤ እሱ የለቅሶ ገንዘብ ነው። ጥያቄው በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ይጻፍ፤ አለዚያ «ምን እንደፈረሙ አያውቁም» ይባላል። ከየቅሬው 2 ሰው በተወካይነት ይፈርም። ፈራሚው አንድ ከሆነ ነገ የሚጠሩት እሱን ነው።

ጸሐፊ፦ ልክ ነዎት ጋሼ። ደብዳቤው በ2 ቅጂ መዝገብ ቤት ይገባል፤ እኛ ዘንድ የሚቀረው ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ካልተደረገ አልገባም ማለት ነው። ሰሌዳውን በመረጃ ጥያቄ አብረን እንጠይቅ፤ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 እስከ 30 ቀን መመለስ አለባቸው። ካልመለሱ ወደ እንባ ጠባቂ።

ከሆጤ፦ እሺ፣ ግን ሰልፉ «በመጨረሻ» ተብሎ አይታለፍ። ደብዳቤው በገባ በ31ኛው ቀን የማሳወቂያ ጽሑፉ ይገባል ተብሎ ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ ተጽፏል፣ ተራ ቁጥር 6። የሰልፉ ቀን ሰኞ ላይ ከዋለ ሰልፉ ከገበያው አካባቢ ይርቃል፤ በገበያ ቀን ገበያ ቦታ ላይ ክልክል ነው።