በፈተና 94 በመቶ ያገኘው ሞዴል አዲስ ፖስት ላይ ለምን ይወድቃል?

ሽምብጥ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳርና ጣና ዙሪያ በቴሌግራም የሚዘዋወሩ ሐሰተኛ መረጃዎችን የሚለይ ሞዴል እየሠራን ነው። ከ12 ቻናሎች 3,200 ፖስት ሰብስበን «እውነት» ወይም «ሐሰት» የሚል ምልክት ሰጠንና ኤክስኤልኤም-ሮበርታ ቤዝ የተባለውን ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ ሞዴል አሠለጠንን። ፖስቶቹን በዘፈቀደ 80 በመቶ ለሥልጠና፣ 20 በመቶ ለፈተና ከፍለን ስንፈትነው 94 በመቶ በትክክል መለሰ። በዚህ ወር በወጡ ፖስቶች ላይ ግን በግምት ከመመለስ አይሻልም፤ እንቦጭ የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ ሐሰት ይለዋል። ዳታ እንጨምር ወይስ ሞዴል እንቀይር?

ዓባይ ማዶ፦
ሁለቱም ይቆዩ፤ መጀመሪያ አከፋፈሉን አስተካክሉ። በዘፈቀደ ስትከፍሉ የአንዱ ቻናል ጽሑፍ ሥልጠናውም ፈተናውም ውስጥ ገባ። ስለዚህ ሞዴሉ የለመደው የቻናሉን አመል ነው፦ «ሼር አድርጉ» የሚለውን መዝጊያ፣ የኢሞጂውን አደራደር፣ ግርጌ ያለውን ሊንክ። 9 ቻናል ለሥልጠና፣ 3 ቻናል ለፈተና ለዩ፤ የፈተናው ፖስት ደግሞ ከሥልጠናው በኋላ የወጣ ይሁን። ቁጥሩ ይወርዳል፤ ትክክለኛው ግን እሱ ነው።

የእንቦጩም ችግር ከዚሁ አይርቅም። ስለ እንቦጭ የሰበሰባችሁት አብዛኛው ሐሰት ከሆነ ቃሉ ራሱ ማስረጃ ይሆንበታል። በየርእሱ የሁለቱም ዓይነት ምሳሌ ይኑራችሁ። 94ቱንም አትመኑት፤ ከ100 ፖስት 90ው እውነት ከሆነ ሁሉንም «እውነት» የሚል ሞዴልም 90 ያገኛል። ከሐሰቶቹ ስንቱን እንደያዘ፣ «ሐሰት» ካለውም ስንቱ በርግጥ ሐሰት እንደሆነ ለየብቻ ቁጠሩ።

ፊደል፦
ፊደሉን አንድ ወጥ አድርጋችኋል? አንዱ «ሐሰት» ሌላው «ሀሰት» ሲጽፍ ለሞዴሉ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መልሱ፤ በሰባቱም ድምፆች። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ እንደ አንድ እንደሚነበቡም አትርሱ። በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለቴ የተመታ ኮሎንም ብዙ ነው፤ ወደ «።» ቀይሩት። መጀመሪያ የተጻፈውን ቅጂ ግን ለሚያጣራው ሰው አስቀምጡለት።

ሞዴል መቀየር ካማራችሁ የእናንተው ሞዴል ዘመድ የሆነውን አፍሮ-ኤክስኤልኤምአርን ሞክሩ፤ በአማርኛም ተጨማሪ ሥልጠና አግኝቷል። ኤምበርት የሚባለውን ሌላ ብዙ ቋንቋ ሞዴል አትንኩት፤ አማርኛ አልተማረም፣ ፊደላችንንም አያውቀውም።

ዘጌ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ጥያቄው ራሱ ነው። «የጢስ ዓባይ መንገድ ተዘግቷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ዛሬ እውነት፣ ነገ ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ቃላቱ ላይ ምንም ምልክት የለም። ከጽሑፉ ብቻ እውነትን መለየት የትኛውም ሞዴል አይችልም። ሥራውን ለሁለት ክፈሉት፦ ይህ ሊጣራ የሚገባው አባባል ነው? ከዚህ በፊት ከተጣራ አባባልስ ጋር ይመሳሰላል?

ለሁለተኛው ላብሴ የሚባለው የዓረፍተ ነገር ማወዳደሪያ ሞዴል ይሻላል፤ አማርኛ ያውቃል፣ ዓረፍተ ነገሩን ወደ 768 ቁጥሮች ይለውጠዋል። መረጃ አጣሪዎቹ ኢትዮጵያ ቼክና ሀቅቼክ ያጣሯቸውን አባባሎች በማኅደር አስገቡና አዲሱን ፖስት ከነሱ ጋር አወዳድሩ። በ0.75 የመመሳሰል መጠን ጀምሩና 200 ጥንድ በእጅ አይታችሁ ወሰኑን አስተካክሉ። አደጋው «ተዘግቷል» እና «አልተዘጋም» በጣም ተቀራርበው መውጣታቸው ነው። መመሳሰል ማለት ርእሱ አንድ ነው ማለት ብቻ ስለሆነ አፍራሹን «አል-»፣ ቁጥሩንና የቦታውን ስም ለብቻ አመሳክሩ።

ዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ በአማርኛ 1185/2012፣ በእንግሊዝኛ 1185/2020 ነው፤ ሞዴሉ ሁለት አዋጅ ይመስለዋል። ከማወዳደራችሁ በፊት ቀኑን ሁሉ ወደ አንድ አቆጣጠር መልሱ፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት»ም በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2 ሰዓት ነው።

ዓባይ ማዶ፦
ፎቶውንም ጨምሩ። የፎገራ ሜዳ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ስለሚያሰጋው የዱሮ ፎቶን የዘንድሮ ማስመሰል ቀላል ነው። እንቦጭም ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ስላለ የዚያ ፎቶ የጣና ተብሎ ሊመጣ ይችላል። ለየፎቶው ባለ 64 ቢት ፒሃሽ (ከምስሉ መልክ የሚሰላ አሻራ) አስሉ፤ ከዱሮ ፎቶ አሻራ ያለው ልዩነት እስከ 10 ቢት ከሆነ ሰው ይየው። ጠርዙ ብዙ ከተቆረጠ ፒሃሽ ይስታል፤ ያኔ በጎግል ሌንስ ወይም በቲንአይ ፈልጉ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል የተነሣበት ቀንና ቦታ ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ከተላከ ግን ይቆያል።

ሽምብጥ፦
እናመሰግናለን። ምልክት የሚሰጡት ሁለት ልጆች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ አይስማሙም። ምን ይሻላል?

ዘጌ፦
ሦስተኛ ሰው ጨምሩ፤ አንዱ የሌላውን ሳያይ ይስጥ። የስምምነቱ ካፓ (በአጋጣሚ የሚመጣውን ቀንሶ ስምምነትን የሚለካ ቁጥር) ከ0.6 በታች ከሆነ ሰዎቹን ሳይሆን መመሪያውን አርሙ። «ማረጋገጥ አልተቻለም» የሚል ምልክት ይኑር፤ ቀልድና አስተያየት ለብቻ ይለዩ። ሞዴሉ ደግሞ «ሐሰት» የሚል ማኅተም በራሱ እንዳይለጥፍ፤ በአዋጁ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት ወንጀል ስለሆነ ያ ማኅተም ሰውን መክሰስ ነው። ሞዴሉ ወረፋውን ያስይዝ፣ ሰው ይፍረድ።