ለልጄ ሹክርን (ምስጋናን) እና ተዋዱዕን (ትሕትናን) በሥዕል መጽሐፍ እንዴት ላስተምረው?

ጥያቄ (የአምስት ዓመት ልጅ እናት)

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ልጄ ማሻአላህ ፈጣን ነው፤ አጫጭር የቁርኣን ሱራዎችን (ምዕራፎችን) ከእኩዮቹ ቀድሞ ሐፍዟል (በቃሉ ይዟል)። ሰሞኑን ግን «እኔ እበልጣለሁ»፣ «አንተ አትችልም» ማለት አብዝቷል። ስጦታ ሲሰጠውም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሌላስ የለም?» ብሎ ነው። ማታ ማታ የሥዕል መጽሐፍ አብረን እናነባለን፤ ያን ሰዓት በጣም ይወደዋል። ምን ዓይነት ታሪክ ልምረጥ? እንዴትስ ላንብብለት? ያሉን መጻሕፍት ምክር ስለሚበዛባቸው ሳንጨርስ ይሰለቻል።

መልስ (የቁርኣን አስተማሪ)

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ እህቴ። በጉንዳኗ ጀምሪ። ሱረቱ አን-ነምል፣ አንቀጽ 18 እና 19 ላይ ነው ያለው። ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ከነሠራዊታቸው ወደ ጉንዳኖች ሸለቆ ደረሱ። አንዲት ጉንዳን ወገኖቿን «ወደየቤታችሁ ግቡ፤ ሱለይማንና ሠራዊቱ ሳያውቁ እንዳይረግጧችሁ» ብላ አስጠነቀቀች። እሳቸውም ንግግሯን ሰምተው ፈገግ አሉ። ወዲያው ለእሳቸውና ለወላጆቻቸው ስለተዋለው ጸጋ ማመስገን እንዲችሉ አላህን ለመኑ።

ለትንሽ ልጅ ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላውቅም። ያን ሁሉ ሠራዊት የሚመራ ንጉሥ የጉንዳን ድምፅ ሰምቶ አልናቀም። ተዋዱዑም ሹክሩም እዚያው አሉ። ስታነቢለት ጉንዳኗ ከተናገረች በኋላ ቁሚና «አሁን ምን የሚያደርጉ ይመስልሃል?» በይው። መልሱን ቀድመሽ አትንገሪው።

ሥዕሉንም አስቀድመሽ እይው። ነቢያትን በመልክ የሚያሳይ መጽሐፍ አትውሰጂ። ጎበዝ ሠዓሊ በጉንዳኗ ዓይን ያሳይሻል፦ የፈረስ ኮቴ፣ ረጅም ሣር፣ አቧራ። ልጁም ጎንበስ ብሎ ያያል።

መልስ (የሦስት ልጆች አባት)

በጉንዳኗ እስማማለሁ። በሀብቱ የኮራውን የቃሩንን ታሪክ ግን ለአምስት ዓመት ልጅ አልመክርም። ከነቤቱ ምድር ስትውጠው የሚያሳየው ሥዕል ያስፈራል፤ ማታ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ትንሽ ከፍ ሲል «ይህን ያገኘሁት በእውቀቴ ነው» ያለውን ቃል ይዛችሁ ብትወያዩ ይሻላል።

ለሹክር እኔ የምጠቀመው ቀላል ነገር ነው። የትኛውም መጽሐፍ ላይ ዳቦ ከተሣለ እዚያ እቆማለሁ። ማን ጋገረው? ዱቄቱን ማን ፈጨ? ስንዴውን ማን ዘራ? ዝናቡንስ ማን አወረደ? ልጆቹ ራሳቸው «አላህ!» ብለው ይጮኻሉ። ከዚያ ወደ ጋጋሪው እመልሳቸዋለሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ሰዎችን የማያመሰግን አላህን አያመሰግንም» ብለዋልና። የሐዲስ ሰብሳቢው አቡ ዳውድ ዘግበውታል። አልሐምዱሊላህ የለመደ አፍ ላበሰለለት ሰውም ምስጋና እንዲለምድ እፈልጋለሁ።

መልስ (የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት)

እባክሽ እህቴ፣ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ታሪኩ ላይ ኩሩ ልጅ ሲመጣ «አየህ? ልክ እንዳንተ!» አትበይው። ያኔ መጽሐፉ የተግሣጽ ዱላ ይሆንበታል፤ ነገ ሊያየውም አይፈልግም። ዝም ብለሽ አንብቢ። ራሱን ካየ ራሱ ይናገራል።

ተዋዱዕ ማለት ደግሞ ራስን ማሳነስ አይደለም። አንድ ሰው ቆንጆ ልብስና ጫማ መውደድ ኩራት እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ውብ ነው፣ ውበትንም ይወዳል ብለው፣ ኪብር (ኩራት) እውነትን አለመቀበልና ሰዎችን መናቅ እንደሆነ ነግረውታል። ሙስሊም ዘግበውታል። ስለዚህ ልጅሽ ሱራ ሲሐፍዝ ደስ ይበለው። «ከእነ እገሌ በለጥክ» የሚለውን ብቻ ተዉት። «አላህ አገዘህ፤ አንተም ለፋህ» ይበቃዋል። ይሄኛው ከመጽሐፉም በላይ ይሠራል።

ሱረቱ ሉቅማን አንቀጽ 18 ላይ «ጉንጭህን ከሰዎች አታዙር» የሚል አለ። ልጆች ይህን በሰውነታቸው ይረዱታል። ሥዕል ላይ ፊቱን ያዞረ ልጅ ካለ አብራችሁ ሥሩት፦ አንዴ ፊት አዙራችሁ፣ አንዴ ፈገግ ብላችሁ። የቱ ደስ እንዳለው ጠይቂው።

ጠያቂዋ

ጀዛኩሙላሁ ኸይረን ሁላችሁም። በጉንዳኗ እጀምራለሁ ኢንሻአላህ። ስጦታ ሲሰጠው «ይህን አልፈለግኩም» ካለስ ምን ልበለው?

መልስ (አያት)

ልጄ፣ ሰው ፊት አትቆጪው። «ሌላ ነገር ጠብቀህ ነበር አይደል? አስቦ ላመጣልህ ሰው ግን ጀዛከላህ ኸይረን በል» በይውና እለፊው። ማታ ስጦታ የሚሰጥበት ታሪክ አንብቢለትና የተቀባዩን ሳይሆን የሰጪውን ፊት አሳይው። «ምን አስቦ ይሆን ያመጣለት?» በይው።

ደግሞ ከንባቡ በኋላ ሥራ ስጪው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር መናገራቸውን ቡኻሪ ዘግበውታል። ይህንንም ንገሪውና መጻሕፍቱን ራሱ ወደ ቦታቸው ይመልስ። የታናናሾቹንም ጭምር።