ኅዳር ላይ ጓሳ ልናድር ነው፤ ብርዱ ምን ያህል ያሰጋል?

የቅዳሜ ተጓዥ፦

ሰላም ቤተሰብ። አምስት ሆነን ኅዳር መጨረሻ ላይ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ ሁለት ሌሊት በድንኳን ልናድር አስበናል። ሁላችንም አዲስ አበባ ያደግን ነን። እንጦጦንና መናገሻን ለምደነዋል፣ ወንጪም አንዴ ሄደናል። ጓሳን ግን አንዳችንም አናውቀውም።

የምጠይቀው ስላሳሰበኝ ነው። አምና ነሐሴ ላይ አንኮበር አካባቢ ለግማሽ ቀን ብለን ወጥተን ነበር። ጠዋት ፀሐይ ነበር። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ጉም መጣና ከፊታችን የሚሄደውን ሰው ማየት አቃተን፣ ከዚያ ካፊያ ጀመረ፣ ቀጥሎ በረዶ ወረደብን። ከመሃላችን አንዷ ጂንስና የጥጥ ሹራብ ነበር የለበሰችው። ተንቀጠቀጠች። የጃኬቷን ዚፕ ለመዝጋት ሞከረች፣ ጣቶቿ እንቢ አሏት፣ እኔ ዘጋሁላት። "ደህና ነኝ" ትለናለች፣ ግን ምላሷ ይተሳሰራል። አንድ ገበሬ ቤታቸው አስገብተው ጎመን በእንጀራ አበሉን፣ እሳትም አነደዱልን፤ እግዜር ይስጥልን። ያ ዚፕ ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

አሁን ጓደኞቼ "ያኔ እኮ ክረምት ነበር፣ ኅዳር በጋ ነው፣ ጥርት ያለ ሰማይ ነው" እያሉኝ ነው። እውነት ነው? ጋቢ ይበቃናል? የምታውቁት ካለ ሳትሰስቱ ንገሩኝ።

የጣርማ በር ልጅ፦

እህቴ፣ ጥርት ያለ ሰማይ ስላለ ነው የሚበርደው! ደመና ሲኖር ምድር ቀን ያገኘችውን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ያቆየዋል። በጋ ላይ ሸፋኝ የለም። ፀሐይ እንደገባች ሙቀቱ ሁሉ ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። እኛ ሰፈር ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ባቄላውን መትቶት ሲያድር በአንድ ሌሊት የተቀቀለ መስሎ ይጠቁራል፣ አባቴ ማሳው ዳር ቆሞ ዝም ብሎ ሲያየው አስታውሳለሁ።

ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። አዲስ አበባ 2,400 ገደማ። በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ ገና ከመኪና ሳትወርዱ ብርዱን ጀምራችሁታል ማለት ነው።

ድንኳን ስትተክሉ ጎድጓዳ ቦታ አትምረጡ። ለነፋስ መከለያ ይመስላል፣ ያሳስታል። ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል፣ ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስና እዚያ ይተኛል። ውርጭ መጀመሪያ የሚመታው የጎድጓዳውን ማሳ እንጂ የተዳፋቱን አይደለም፣ ማንኛውንም ገበሬ ጠይቁ። ከሸለቆው ትንሽ ከፍ ያለ፣ ግን ጫፍ ላይ ያልሆነ ቦታ ይሻላል።

ሌላ ሰው የማይነግራችሁ ነገር፦ ዝናብ ባይኖርም ትበሰብሳላችሁ። ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ አመዳይ ታገኛላችሁ፣ ያምራል። ፀሐይ ሲነካው ይቀልጣል። ሣሩ ቁጥቋጦ ቁጥቋጦ እየሆነ የሚበቅል ስለሆነ በመሃሉ ስትሄዱ ሱሪያችሁ እስከ ጉልበት ይርሳል። ጫማችሁም እንደዚያው። ተቀያሪ ካልሲ ሦስት አራት ያዙ።

ነርስ ነኝ፦

የጣርማ በሩ ወንድሜ የአየሩን ጉዳይ ጨርሶታል፣ እኔ ስለ ጓደኛሽ ልናገር፤ ምክንያቱም የነገርሽን ነገር ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ያ ብርድ ብቻ አልነበረም። የሰውነቷ ሙቀት መውረድ ጀምሮ ነበር።

እንደዚህ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ መንቀጥቀጥ፤ ሰውነት ራሱን ለማሞቅ እየሠራ ነው። ቀጥሎ ቆፈን፤ ጣት ዚፕ አይዘጋም፣ የጫማ ክር አያስርም። ከዚያ ንግግር ይጎተታል፣ እግር ይደናቀፋል፣ ሰውየው ይነጫነጫል ወይ ዝም ይላል፣ የሰከረ ይመስላል። ሰውነት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ የሚሆነው ይህ ነው። በጣም የሚያስፈራው ደግሞ መንቀጥቀጡ ሲቆም ነው። "ሞቀው፣ ተሻለው" ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ አቅሙ አልቆ ነው። ታማሚው ራሱ ስለማያውቀው "ደህና ነኝ" የሚለውን አትመኑ። እርስ በርስ ተያዩ።

ምን ይደረግ? ከነፋስ አውጡት። እርጥቡን ልብስ አውልቁ፤ ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል፣ እርጥብ ልብስ ላይ ጃኬት መደረብ ብዙም አይረዳም። ደረቅ አልብሱት፣ ራሱን ሸፍኑለት፣ ከሥሩም ነገር አንጥፉለት፤ መሬቱ ከላይ ካለው አየር በላይ ሙቀቱን ይጠጣዋል። በደንብ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሻይ ስጡት። እጅ እግሩን አትሹት። ንግግሩ ከተምታታ ወይ ከደነዘዘ እንዲሄድ አታድርጉት፣ አጋድሙትና ወደ ሕክምና የሚደርስበትን መንገድ ፈልጉ።

አረቄ ደግሞ በፍጹም። ቆዳ ላይ ያሉትን የደም ሥሮች ይከፍታል፣ ፊት ይሞቃል፣ ከውስጥ ያለው ሙቀት ግን በዚያው ይወጣል። እኔ በምሠራበት አካባቢ ሜዳ ላይ ጠጥቶ ያደረ ሰው ተሸክመው ሲያመጡ አይቻለሁ። አሁንም ይከብደኛል።

ባለ ባና፦

ጋቢን በተመለከተ። ደረቅ ሆኖ፣ ቤት ውስጥ፣ ማታ ለመደረብ ከጋቢ የሚሻል የለም። መንገድ ላይ ግን ጥጥ ነው፣ ውሃ ከጠጣ ተሸክማችሁት ነው የምትዞሩት፣ አይደርቅም። የመንዝ ሰው በርኖስና ባና የሚለብሰው ለጌጥ አይደለም። የበግ ፀጉር ረጥቦም ቢሆን ሙቀት ይይዛል። ከመሐል ሜዳ ገበያ ባና ብትገዙ ድንኳኑ ውስጥ ለምንጣፍ ይሆናችኋል፣ ለገበሬውም ገንዘብ ነው። ይከብዳል፣ እሱን አልዋሽም።

ከአንድ ነገር ጋር ግን አልስማማም። ኅዳርን ከነሐሴ እኩል አታስፈሩት። የኅዳር ብርድ ቀጠሮ ያከብራል፣ ማታ መጥቶ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይሄዳል፣ ደረቅ መኝታ ያለው ሰው ያልፈዋል። ክረምት ግን በየሰዓቱ ይገለባበጣል፤ ጉም፣ ዶፍ፣ በረዶ፣ መብረቅ፣ ከዚያ የሞላ ወንዝ። ጠዋት በድንጋይ የተሻገራችሁት ጅረት ከሰዓት ደራሽ ይሆናል። ስትመለሱ ሞልቶ ካገኛችሁት ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፣ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዓት ይጎድላል።

መብረቅ ላይ ደግሞ ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ቁጠሩ። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ሠላሳ ሳትደርሱ ከጮኸ ቀርቧችኋል፣ ከጫፉ ውረዱ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ራቁ፣ ተራርቃችሁ ሁኑ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ካበቃ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትነሱ።

የቅዳሜ ተጓዥ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነርሷ፣ መልእክትሽን ለጓደኛዬ አነበብኩላት፣ አለቀሰች። ዚፑን አላስታውስም ነው ያለችኝ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል "ትንሽ እንሂድ፣ ይገልጣል" ስል የነበርኩት እኔ ነኝ፣ እሱን ነው ይቅር ልለው ያቃተኝ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ኅዳርም ቢሆን ጉም ቢመጣብን ምን እናድርግ? ገደል ያለበት ቦታ ነው ሲሉ ሰማሁ።

የጣርማ በር ልጅ፦

አይዞሽ፣ ሁላችንም ብለነዋል እሱን ቃል።

ጉሙ በጋም ይመጣል። የሚመጣው ከታች ነው። የአፋር ሜዳ ሲሞቅ አየሩ ገደሉን ይዞ ይወጣል፣ ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር በመኪና ለወጣ ሰው ይገባዋል፣ ታች በሸሚዝ ነበርክ፣ ዋሻው አፍ ላይ ስትደርስ የፊት መብራት አብርተህ ትሄዳለህ። ስለዚህ ከምሳ በኋላ በምሥራቅ በኩል ከታች ነጭ ነገር እየተንከባለለ ሲወጣ ካያችሁ ጊዜ አላችሁ፣ ግን ብዙ አይደለም። ያኔውኑ ከጫፍ ራቁ።

ጉሙ ከያዛችሁ ደግሞ ቁሙ። ጃኬት ልበሱ፣ ነገር ቅመሱ፣ ተጠራሩ። ገደሉ በምሥራቅ ነው፣ ይሄን አንድ ነገር ያዙ። የመኪናው መንገድ የት እንዳለ ከመነሳታችሁ በፊት እዩና ስልካችሁ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ ጫኑ። ስልኩን ከውስጥ ኪስ አድርጉት፣ ባትሪ ብርድ አይወድም። ከሁሉ በላይ የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ያን ሜዳ የመንዝ ሰው በቀሮ፣ ማለትም ሣሩ መቼ እንደሚታጨድና እንደሚጋጥ በጋራ በሚወስንበት የአካባቢው ሥርዓት፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቆ ያቆየው ነው፣ ጉም ውስጥም መንገዱን ያውቃል። ለመኝታ ብላችሁ ሣሩን እንዳታጭዱ፣ እሳትም ከተፈቀደው ቦታ ውጪ እንዳታነዱ አደራ። ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን ሰላም ደውላችሁ ጠይቁ።

ነርስ ነኝ፦

እኔም ልጨምር። የመመለሻ ሰዓት አዲስ አበባ እያላችሁ ወስኑ፣ ለምሳሌ ስምንት ሰዓት ካላችሁ ስምንት ሰዓት ነው፣ ሰማዩ ምንም ቢመስል። እዚያ ደርሶ ብርድ ላይ ሆኖ የሚወስን ጭንቅላት ደክሟል። ከአምስታችሁ አንዱ "እንመለስ" ካለም ሌሎቹ ምክንያት እንዳትጠይቁት።

ባለ ባና፦

ማታ ስትተኙ የውሃ ጠርሙሱን ገልብጣችሁ አስቀምጡት። በረዶ ከላይ ነው የሚጀምረው፤ ተገልብጦ ካደረ ክዳኑ በኩል ያለው ሳይረጋ ይቆያል፣ ጠዋት ሻይ ለማፍላት አትቸገሩም።