ክሩዝ ልንወጣ ነው፣ ከመርከብ ስንወርድ ቱር እንግዛ ወይስ በራሳችን እንዙር?

ጸደይ_ሜሪላንድ፦

ሰላም ለሁላችሁም። አራት ጓደኛሞች ነን፣ ከሃይስኩል ጀምሮ አብረን ያለን፣ አሁን ሁለታችን ሜሪላንድ፣ አንዷ አትላንታ፣ አንዷ ዳላስ ነን። ዘንድሮ ሁላችንም አርባ እየሞላን ስለሆነ ልጆቹን ለአባቶቻቸውና ለአያቶቻቸው ትተን ከማያሚ የሚነሳ የ7 ቀን ክሩዝ ቡክ አድርገናል። ጁላይ መጨረሻ ላይ ነው፣ ፍልሰታ ሳይገባ እንድንመለስ ብለን። የምንቆመው ባሃማስ ናሳው፣ ጃማይካ ኦቾ ሪዮስ፣ ግራንድ ኬይማንና ሜክሲኮ ኮዙሜል ነው።

አሁን ያልተስማማነው በቱሩ ነው። መርከቧ የምትሸጠው ቱር በየወደቡ በአራት ሰው ሲባዛ ብዙ ብር ይሆናል፣ እኔና አንዷ በራሳችን ታክሲ ይዘን እንዙር እንላለን፣ ሁለቱ ደግሞ ሰው አገር ላይ ጥላን ብትሄድስ ብለው ፈርተዋል። በዛ ላይ አንዷ ዋና ጭራሽ አትችልም፣ ውሃ ከጉልበቷ ካለፈ ትደነግጣለች። አንዷ ደግሞ ግሪን ካርድ ነው ያላት፣ ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ነው። የሄዳችሁ እባካችሁ ምከሩን፣ አራታችን እንደገና አንድ ላይ የምንወጣበት ጊዜ መቼ እንደሚገኝ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ማሂ_አትላንታ፦

እናትዬ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ! እኛም አምና አምስት ሆነን ይሄንኑ አካባቢ ነው የሄድነው፣ እሱም ጁላይ። የኔ ምክር ሁሉንም ከመርከቧ አትግዙ፣ ሁሉንም በራሳችሁም አታድርጉ፣ እንደ ወደቡ ነው።

ጃማይካ ላይ ግን እባካችሁ ቀኑን በሱቅ አትጨርሱት። እኛ ወደቡ በር ላይ ቀይ ታርጋ ያለው ታክሲ ያዝን (እዛ ሕጋዊው ታክሲ ቀይ ታርጋ ነው፣ ሌላ መኪና ውስጥ እንዳትገቡ) ዋጋውን ለሰው ነው ለመኪናው ብለን አስቀድመን ጠየቅን፣ ደርሶ መልስ ተስማማን። ሰውየው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ከየት ናችሁ ሲሉን ኢትዮጵያ አልናቸው። መኪናውን ዳር ያዙና አቆሙት፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ጃንሆይ በ1966 ኪንግስተን ሲያርፉ አባቴ ኤርፖርት ከነበረው ሕዝብ መሃል ነበር አሉን። በኛ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 መሆኑ ነው። ከኋላ የተቀመጥነው ሦስታችንም እንባ መጣን፣ እኔ እስከዛሬ ስለ ራስታዎች ብዙ ሰምቼ ነበር ግን ሰው ፊት ላይ ሳየው ሌላ ነው። ስለዚ ከሹፌሩ ጋር አውሩ፣ ከየት እንደሆናችሁ ንገሩ።

ደንስ ሪቨር ፏፏቴ ከወደቡ ቅርብ ነው። ከባህሩ ዳር ተነስታችሁ ድንጋይ ድንጋዩን ወደ ላይ ትወጣላችሁ፣ 180 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፣ አስጎብኚው ከፊት ሆኖ ሁሉም ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው የሚወጣው። ዋና አይጠይቅም፣ ዋና የማትችለዋን መሃል አድርጓት። ካቃታት ጎን ላይ ደረጃ አለ፣ በዛ ትወጣና ከላይ ትጠብቃችኋለች። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ የውሃ ጫማ ከዚሁ ገዝታችሁ ሂዱ፣ እዛ ውድ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፣ ሰዓት። ጃማይካ፣ ኬይማንና ኮዙሜል በበጋ ሰዓት አይቀይሩም፣ ማያሚ ደግሞ ይቀይራል፣ ስለዚ በጁላይ ከማያሚ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። መርከባችን የማያሚን ሰዓት እንደያዘች ነው የምትቆየው፣ ስልካችሁ ግን የአገሩን ኔትወርክ ሲይዝ ራሱ ይቀይራል። እኛ 4:30 ተመለሱ ተብለናል፣ ከፏፏቴው መልስ የብሉ ማውንቴን ቡና ይዘን ተቀምጠናል፣ ስልኬ 3:10 ይላል፣ ገና ነው ብለን ሁለተኛ አዘዝን። አንዷ ጓደኛችን የእጅ ሰዓቷን አየችና ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። 4:10! እንዴት እንደሮጥን እኔ ነኝ የማውቀው፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀረን ገባን፣ አንዷ ጫማዋን በእጇ ይዛ። እስከ ማታ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በየወደቡ ከመውረዳችሁ በፊት መርከቧ የያዘችውን ሰዓት ጠይቁ፣ አራታችሁም አንድ ሰዓት ላይ ተስማሙ።

ወንድወሰን_ዳላስ፦

ስለ ወረቀቱ እኔ ልበል። ያቺ ግሪን ካርድ ያላት እህታችን ግሪን ካርዷንና ያላለቀ ፓስፖርቷን ሁለቱንም ትያዝ፣ ፓስፖርቱ ሊያልቅ ከሆነ ዛሬውኑ ማሳደስ ትጀምር፣ የኛ ፓስፖርት ጊዜ ይወስዳል። ሜክሲኮ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ላለው ሰው ቪዛ አትጠይቅም። የሌሎቹን ግን ከሰው ሰምታ እንዳትሄድ፣ ለክሩዙ ደውላ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ነኝ ብላ ወደቦቹን አንድ በአንድ ቆጥራ ትጠይቅ፣ መልሱን በኢሜይል ትቀበል። ማያሚ ድረስ ሄዶ በር ላይ መመለስ አለ፣ ቲኬቱም አይመለስም።

ሲቲዝን የሆናችሁት፣ ከአሜሪካ ወጥቶ እዛው ወደብ የሚመለስ ክሩዝ ስለሆነ በሲቲዝንሺፕ ሰርተፊኬትና በመታወቂያ ሊያሳፍሯችሁ ይችላሉ፣ እኔ ግን ፓስፖርት ያዙ ነው የምለው። መርከቧ ጥላችሁ ከሄደች በአውሮፕላን መመለሻው ፓስፖርት ነው፣ ያለሱ ኤምባሲ በር ላይ ነው የምትውሉት።

ደግሞ ይሄን የሚያነብ አሳይለም (ጥገኝነት) ያመለከተና ገና ያልተወሰነለት ወገን ካለ እባካችሁ ስሙኝ፣ ክሩዝ ማለት ከአገር መውጣት ነው። መርከብ ላይ ስለተኛህ አልወጣህም አይባልም። ጠበቃህን ሳታማክር እንዳትሳፈር።

ጥላ ብትሄድስ ያላችሁት ነገር፣ ቱሩን ከራሷ ከመርከቧ ከገዛችሁ ቱሩ ቢዘገይ ትጠብቃለች። በራሳችሁ ከወጣችሁ አትጠብቅም፣ እስከሚቀጥለው ወደብ ያለው ወጪም የራሳችሁ ነው።

ሊያ_ቨርጂኒያ፦

ማሂ ያለችው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ የቀሩትን ልጨምር። ግራንድ ኬይማን ላይ መርከቧ ወደብ ላይ አትጠጋም፣ ባህር ላይ ትቆምና በትንንሽ ጀልባ ነው የሚያወርዷችሁ። ጠዋት ወረፋ አለ፣ ስትመለሱም ወረፋ አለ፣ ማዕበል ካለ ደግሞ ጭራሽ ላይቆሙ ይችላሉ። ስለዚ እዛ ላይ ከመርከቧ ቱር ብትገዙ ደስ ይለኛል፣ መርከቧ ካልቆመች ብሩ ይመለሳል። ስቲንግሬይ ሲቲ የሚሉት ባህር መሃል ያለ የአሸዋ ደለል ነው፣ ውሃው ወገብ አካባቢ ነው፣ ድሮ ዓሣ አጥማጆች እዛ ዓሣ እያጸዱ የሚጥሉትን ፍለጋ መጥተው የለመዱ ናቸው እነዛ ጠፍጣፋ ዓሣዎች። ሲነኩ እንደ ርጥብ እንጉዳይ ለስላሳ ናቸው። እግር ከአሸዋው ሳይነሳ እየጎተቱ መሄድ ነው፣ እንዳትረግጧቸው። ውሃ የምትፈራው ጓደኛችሁ ላይፍ ጃኬት ለብሳ መሰላሉ ላይ ትቀመጥ፣ አታስገድዷት። ካልፈለገች ሰቨን ማይል ቢች አለላችሁ፣ ውሃው ጸጥ ያለ ነው።

ናሳው ግን ብር አታውጡ። ከመርከብ ወርዳችሁ በእግር የንግሥቲቱ ደረጃ የሚባለው ጋ ሂዱ፣ በባርነት የተያዙ ሰዎች ድንጋዩን በእጃቸው ፈልፍለው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሠሩት ነው፣ 66 ደረጃ ነበር ይባላል። ከታች ቆማችሁ ሁለቱን የድንጋይ ግድግዳዎች ቀና ብላችሁ እዩዋቸው፣ የመዶሻው ፍልፍል ሁሉ በሰው እጅ ነው፣ እኔ እዛ ፎቶ ማንሳት አልቻልኩም፣ ዝም ብዬ ነው የቆምኩት። ከዛ አራዋክ ኬይ የዓሣ ቤቶቹ ጋ ምሳ ብሉ። ኮንክ የሚሉት ቀንድ አውጣ መሰል ነገር ስለሆነ ለማትበሉት ጠይቃችሁ እዘዙ፣ የተጠበሰ ዓሣ ሞልቷል። የነሱ ብር ከዶላር አንድ ለአንድ ነው፣ በዶላር ክፈሉ።

ኮዙሜል መርከቦች የሚቆሙበት ቦታ ከአንድ በላይ ነው፣ አንዱ ከተማው ውስጥ ሌሎቹ ራቅ ብለው፣ ለታክሲ ሹፌር የቱ ጋ እንደሚመልሳችሁ በስሙ ንገሩት።

ጸደይ_ሜሪላንድ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ማሂዬ ያንን ሰውዬ ያልሽውን ለጓደኞቼ በስልክ ሳነብላቸው አንዷ አለቀሰች። ወሰንን፣ ኬይማን ከመርከቧ ቱር፣ ናሳውና ጃማይካ በራሳችን፣ ኮዙሜል ባህር ዳር አርፈን እንውላለን። ግሪን ካርድ ያላት ሰኞ ትደውላለች። አንድ የቀረኝ፣ ሁለታችን ረቡዕና አርብ እንጾማለን፣ መርከብ ላይ ምግቡ እንዴት ነው?

ማሂ_አትላንታ፦

አትቸገሩም። የመጀመሪያው ማታ እራት ላይ ለአስተናጋጁ ሥጋም ወተትም ቅቤም እንቁላልም አንበላም በሉት፣ ቪጋን ብትሉት ይገባዋል፣ ጠረጴዛችሁ የተመደበ ከሆነ ያው ሰውዬ ነው ሳምንቱን ሙሉ የሚያስተናግዳችሁ፣ እኛን በሁለተኛው ቀን ሳንጠይቅ ነው ያመጣልን። ሚጥሚጣና በርበሬ በትንሽ ላስቲክ ያዙ፣ ምግቡ ጨው እንጂ ቅመም የለውም። የእጅ ሰዓትም ያዙ፣ ባትሪው አዲስ ይሁን።