ቦይለሩ ማታ ለብ ይላል፣ ቧንቧው ደግሞ ይነዝራል፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ጤና ይስጥልኝ። 50 ሊትር የሚይዝ፣ 1500 ዋት ቦይለር አለን። ሌሊት ሲሠራ አድሮ ጠዋት ውሃው ያቃጥላል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ በርቶም ለብ ከማለት አያልፍም። ከሥሩ ያለችው ቫልቭ ውሃው ሲሞቅ ጠብ ጠብ ትላለች፤ ጎረቤቴ «ድፈናት» ብሎኛል። ሰሞኑን ደግሞ ሻወር ላይ የቧንቧውን እጀታ ስነካ ጣቴን ቆንጠር ያደርገኛል። ቤት ውስጥ አራስ አለች። የጮቄን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ክፍሉን ለጊዜው በከሰል ነው የምናሞቀው። ቦይለሩን ልቀይረው ወይስ ይጠገናል?

ከባሕር ዳር፣ ኤሌክትሪሺያን፦
እንኳን ማርያም ማረችላችሁ! የውሃውን ሙቀት ለጊዜው ተወውና ብሬከሩን አውርድ። አሁኑኑ። እስኪታይ ድረስ ማንም በዚያ ሻወር አይታጠብ፤ እርጥብ ገላ ላይ «ቆንጠር» የሚባል ነገር የለም። ብዙ ጊዜ ውሃውን የሚያሞቀው የኤለመንቱ ልባስ ይሰነጠቅና ኃይሉ ወደ ውሃውና ወደ ጋኑ ያልፋል። የመሬት ሽቦው በደንብ ታስሮ ቢሆን ያ ኃይል በሽቦው ወርዶ ይቀር ነበር እንጂ አንተን አይፈልግህም። ስለዚህ ሁለት ብልሽት ሳይኖር አይቀርም። ብሬከሩ እንደወረደ፣ ኃይል አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጠህ የታችኛውን ክዳን ክፈትና አረንጓዴና ቢጫ የሆነው ሽቦ የት እንደታሰረ ንገረኝ። ቴስተር ከሌለህ አትንካው፣ ባለሙያ ጥራ።

ከፍኖተ ሰላም፦
ማታ ለብ የሚለው ነገር የመብራት ድካም ይመስለኛል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ይጥዳል። የኤለመንት ጉልበት ደግሞ ቮልቱ ከሚቀንሰው በላይ ነው የሚወርደው፤ 220 የነበረው 160 ቢሆን 1500 ዋቱ ወደ 800 ገደማ ይወርዳል። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ በሙሉ ኃይል አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ በደከመ መብራት ግን ከሦስት ሰዓት በላይ። አንተ በሁለት ሰዓት ትከፍተዋለህ። ከተጠገነ በኋላ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ አብራው። ደግሞ የቴሌቪዥን ስታብላይዘር ላይ እንዳትሰካው፣ ትንሿ ስታብላይዘር 1500 ዋት አትችልም።

ከእንጅባራ፦
ልጄ፣ እንኳን ማረልህ። ከሰሉን ግን አትፍራው። እኔ በልጆቼ ሁሉ አራስ ቤት የከረምሁት በከሰል ነው። ደጅ አቀጣጥለህ ጭሱ ጥርግ ብሎ ሲወጣና ፍም ሲሆን አስገባው።

ከደብረ ማርቆስ፣ ነርስ፦
እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በዚህ አልስማማም። ጭሱ ቢወጣም ፍሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ መልቀቁን አይተውም። ሽታ የለው፣ አይታይ። የድሮው ቤት ሣር ክዳን ነበር፣ በግድግዳውም አየር ይገባል፤ የዛሬው ቤት ብሎኬት ሆኖ መስኮቱ የብረት፣ በሩ ሥር ጨርቅ ይወተፋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ሲመጣ አራሷ «ምጥ አድክሞኝ ነው» ብላ ትተኛለች፣ ሕፃኑ ደግሞ መናገር አይችል። ጠያቂ፣ ማንደጃው ከክፍሉ ይውጣ፣ በተለይ ሌሊት። ውሃ በከሰል የምታሞቁ ከሆነ ደጅ ይሁን። ሕፃኑን ከእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጋችሁ፣ ኮፍያ አጥልቃችሁ በብርድ ልብስ ሸፍኑት፤ ፊቱ ብቻ አይሸፈን።

ከእንጅባራ፦
የብሎኬቱን ነገርስ እውነትሽን ነው። የእኔ ቤት ያፈሳል እኮ፣ ለዚያ ነው።

ከቡሬ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፦
ቫልቯን ማንም እንዳይደፍናት! ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። 50 ሊትር ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ ከግማሽ ሊትር በላይ ትርፍ ይኖረዋል፣ ያ ነው በእሷ የሚወጣው። ከደፈንካት ጋኑ ይወጠራል፤ ሙቀቱ ሲበቃ ኃይሉን የሚያቋርጠው ቴርሞስታት አልቆርጥ ያለ ቀን ይፈነዳል። ውሃው ቀዝቅዞም ሳታቋርጥ የምታንጠባጥብ ከሆነ ግን ቆሻሻ ይዟት ወይም ግፊቱ በርትቶ ነውና አስቀይራት። ሌላም ሥራ አላት፤ የከተማው ውሃ ሲጠፋ ጋኑ ወደ ኋላ እንዳይፈስ ትይዘዋለች። አንዳንድ ሰው «ውሃውን አነቀችብኝ» ብሎ ይነቅላታል፣ ውሃ በጠፋ ቀን ጋኑ ባዶ ይቀርና ኤለመንቱ በደረቁ ይቃጠላል።

አንድ ነገር ደግሞ ሞክር። ከቦይለሩ ሥር ያለውን የቀዝቃዛ ውሃ መዝጊያ ዝጋና የሙቁን ቧንቧ ክፈት። ውሃው መፍሰሱን ካላቆመ ሚክሰሩ (ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለው የሻወሩ ቧንቧ) ቀዝቃዛውን ወደ ሙቁ መስመር እያሳለፈ ነው ማለት ነው፣ ያም ለብ ያደርገዋል።

ጠያቂ፦
ከሰሉ ወጥቷል። ውሃው ወዲያው ቆመ፣ እንግዲህ ሚክሰሩ ደህና ነው። ወንድሜ ቴስተር ነበረውና ክዳኑን ከፈትነው፤ አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ከምንም ጋር አልታሰረም፣ ተቆርጦ ወደ ጎን ታጥፏል።

ከባሕር ዳር፣ ኤሌክትሪሺያን፦
በሉ ክዳኑን መልሱት፣ ብሬከሩም እንደወረደ ይቆይ። ቦይለሩን አትቀይረው፤ ጋኑ ዝጎ ካላፈሰሰ ኤለመንት ብቻ ይለወጣል። ባለሙያው ሲመጣ ሽቦውን ማሰር ብቻ አይበቃም፤ ሌላው ጫፉ ቆጣሪው አጠገብ መሬት ከተቀበረው ብረት መድረሱን ይለካልህ። ብዙ ቤት ብረቱ ራሱ የለም። 30 ሚሊአምፔር የሆነ ሊኬጅ ብሬከርም አስገባ፣ ኃይል ሲያመልጥ ሰው ሳይጎዳ ይቆርጣል። ኤለመንቱ ሲወጣ አኖዱን፣ ማለትም ጋኑን ከዝገት የሚጠብቀውን ዘንግ፣ እዩት፤ ተበልቶ ሽቦው ብቻ ከቀረ አብሮ ይቀየር። ሲገጠም መጀመሪያ ጋኑን ሙሉት፦ የሙቁን ቧንቧ ክፈቱና ውሃው ሳይተፋና ሳይቆራረጥ መውረድ ሲጀምር ነው ብሬከሩ የሚነሳው።