ከቮልስ የሠራሁት ባጊ የኋላ እግሩ ሲጥ ሲጥ አለብኝ

በ1967 ሞዴል ቮልስ ሻንሲ ላይ የፋይበር ግላስ ቦዲ ገጥሜ እዚሁ አዲስ አበባ ግቢዬ ውስጥ ባጊ (ቀለል ያለ ክፍት መኪና) ሠርቻለሁ። ሞተሩ 1300 ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ያስቸገረኝ እግሩ (ሰስፔንሽኑ) ነው። ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ እንደ አሮጌ የሽቦ አልጋ ሲጥ ሲጥ ይላል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፊቱን ነበር። አራቱንም ማስገቢያ ግሪስ ሞላሁ፤ ፊቱ ዝም አለ። የቀረው ድምፅ ከኋላ ግራ ነው። ሾኩን ፈትቼ መኪናውን ከፍ ዝቅ ሳደርገው ያው ነው፣ ስለዚህ ሾክ አይደለም። ቶርሽን ባሩ (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራው ዘንግ) ጫፍ ላይ የሚገጠመው ዝርግ ብረት አለ አይደል? የእሱ ቡሽ (ብረቱ የሚያርፍበት ለስላሳ ቀለበት) ላይ ውሃ ሳፈስ ወዲያው ጸጥ ይላል። ሲደርቅ ይመለሳል።

ቡሾቹ ጎማ ሳይሆኑ ፖሊዩሪቴን (ጠንካራ ፕላስቲክ መሰል ነገር) ናቸው። የገጠመልኝ መካኒክ ተራ ግሪስ ነው የቀባቸው። ሲሊኮን ግሪስ ነው የሚፈልጉት ይባላል። ሶማሌ ተራ ዞሬ ያገኘሁት ግን የጎማ ቡሽ ብቻ ነው። ጎማ ደግሞ ተራ ግሪስ ያበላሸዋል፤ የሚገጠመው በታልክ ዱቄት ነው።

ይህን ሥራ ሁለቴ መሥራት አልፈልግም። ዝርጉ ብረት ተወጥሮ ስለሚቀመጥ ሲፈታ ሰው ይመታል። ባሩም በውስጥ 40፣ በውጭ 44 ጥርስ ስላለው የዝርጉን ብረት አንግል እንደገና መለካት አለ። ፋይበሩ ከቆርቆሮው ስለሚቀል መኪናው ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከተፈታ አይቀር ቁመቱንም ዝቅ ላደርገው አስቤያለሁ።

ለአቧራና ለኮብልስቶን የትኛው ይበረክታል፦ ፖሊዩሪቴኑን አጽድቶ በሲሊኮን ግሪስ መመለስ ወይስ ጎማውን መግጠም?